መሬት የወደቀ አይቆጠርም

ጀርመን፣ ኦክቶበር 10 ቀን 1982

ለታላቅ እህቴ ለቬርና፣

ደብዳቤዬ በደህና ቀን እጅሽ ይግባ። አንቺም የፋርማሲው ሚልተንም፣ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምድር ቤትሽ ውስጥ ያንን ጠረጴዛ የሚከቡት ሁሉ ጤና ሁኑልኝ። እኔ ደህና ነኝ። የታንክ ሞተር እፈታለሁ፣ የታንክ ሞተር እገጥማለሁ፣ ያው ነው። ምግቡ ይበላል። ዝናቡ አያባራም።

ከሄድኩ አስራ ሰባት ወር ሆነኝ፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ የላክሁልሽ አንድ ፖስትካርድ ብቻ ነው። ልትሰድቢኝ ካሰብሽ ተሰድቤያለሁ፣ ወረቀት አታባክኚ።

የጻፍኩት ለጉዳይ ነው። ወደ እሁዱ ጨዋታችን፣ እያንዳንዳችን በዳይስ የፈጠርነውን ሰው ሆነን ዘንዶ ወደምንዋጋበት፣ መመለስ እፈልጋለሁ። አንድ ጊዜ በደብዳቤም ይቻላል ብለሽን ነበር። አንቺ ዳኛዋ ዋሻው ውስጥ ምን እንዳለ ትጽፊልኛለሽ፣ እኔ ምን እንደማደርግ እመልስልሻለሁ። አንድ በር ለመክፈት አንድ ወር ይፈጅብናል፤ ይፍጅ፣ የት እሄዳለሁ። የድሮው ሰውዬዬ በዘንዶ እሳት እንዳለቀለት አልረሳሁም። ስለዚህ አዲስ ሰው በዳይስ ልጣል። ዳይስ ግን የለኝም። እዚህ ያለው ሱቅ ካርታ እንጂ ዳይስ አይሸጥም። ባለ ስድስት ገጹን ሦስት ላኪልኝ።

ሜይ ላይ ውትድርና የገባሁበት ሁለት ዓመት ያልቃል። ለሦስት ዓመት እንደገና ፈርም እያሉኝ ነው፤ እስከ ኤፕሪል አስራ አምስት መልስ ይፈልጋሉ። ገና አልወሰንኩም።

እቤት ላሉት ሁሉ ሰላምታ አቅርቢልኝ።

የአጎትሽ ልጅ ዳሪል


ሊንድ ሌክ፣ ዊስኮንሰን፣ ኦክቶበር 31 ቀን 1982

ወንድሜ ዳሪል፣

አንተ ጠፊ፣ አለህ እንዴ! እግዚአብሔር ከዝናቡም ከአለቆችህም ይጠብቅህ። ደብዳቤህን ከአይብ ፋብሪካው ስመለስ አገኘሁትና ካፖርቴን ሳላወልቅ ቆሜ አነበብኩት።

እሁድ ለሁሉም ነገርኳቸው። ሚልተን ፋርማሲውን ለልጁ ከለቀቀ ወዲህ ዘንዶ ከመግደል ሌላ ሥራ የለውም፤ ሲሰማ ደስ አለውና ደስ እንዳላለው ለማስመሰል፣ «ያ ልጅ ዳይስ ሲጥል ድንጋይ የሚወረውር ነው የሚመስለው፤ ግማሹን ከምድጃው ሥር የማወጣው እኔ ነበርኩ» አለ። ናፍቆሃል ማለት ነው።

የቤታችንን ሕግ ረስተኸው ከሆነ ላስታውስህ። ሦስቱን ዳይስ አንድ ላይ ትጥላለህ፣ ትደምራለህ፣ ትጽፋለህ፤ እንዲህ ስድስት ጊዜ። የመጀመሪያው ድምር የሰውዬህ ጉልበት ነው፣ ቀጥሎ አእምሮ፣ ቀጥሎ ጥበብ፣ ከዚያ ፅናት፣ ከዚያ ቅልጥፍና፣ መጨረሻ ላይ ግርማ። እንደወጣ ነው የሚጻፈው። አስራ ስምንት አእምሮ ላይ ወጣብኝና ወደ ጉልበት ልውሰደው የሚባል ነገር የለም። ሌላ ቦታ እንዳሻቸው የሚያቀያይሩ አሉ አሉ፤ እነሱ ሰው አይጥሉም፣ ሰው በልካቸው ያሰፋሉ። ጠረጴዛ ላይ ያረፈ ይቆጠራል፣ መሬት የወደቀ አይቆጠርም፣ እንደገና ይጣላል። እና ሲጣል ያየ ምስክር ይፈርማል። ምስክር የሌለው ሰው እኛ ቤት አይገባም።

ሁለት ነጭና አንድ አረንጓዴ ዳይስ ልኬልሃለሁ። ቀዩን ልጨምርልህ ፈልጌ ከሳጥኑ አጣሁት። ለመጨረሻ ጊዜ ከእናንተ ጋር ነበር መሰለኝ፣ ካንተ ወይ ከሎወል። ካየኸው ንገረኝ።

ሎወል ብዬ ስጽፍ እጄ ቆመ። ያቺ ፒክአፕ በረዶውን ሰብራ ሐይቁ ውስጥ ከገባች፣ ወንድምህም ከቀረ፣ ማርች ላይ ሁለት ዓመት ይሞላዋል። እኔና አንተ ስለሱ አንዲት ቃል አልተነጋገርንም። አሁንም አልጠይቅህም፤ ብቻ እንዳልረሳሁት እወቅ።

እናትህ አክስቴ አርዲስ ደህና ናቸው። ስለ መፈረሙ ገና እንነጋገራለን።

እህትህ ቬርና


ጀርመን፣ ኖቬምበር 24 ቀን 1982

ለእህቴ ለቬርና፣

እንደምን ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ። ዳይሶቹ ደርሰውኛል፣ አመሰግናለሁ።

ሰውዬው ይኸውልሽ። ጉልበት አስራ ስድስት፣ አእምሮ ዘጠኝ፣ ጥበብ አስራ ሁለት፣ ፅናት አስራ ሰባት፣ ቅልጥፍና ሰባት፣ ግርማ አስራ ሦስት። ተዋጊ ነው የማደርገው። ስም ገና አላወጣሁለትም። ሲጣል ያየው ሳጅን ፕሩት ነው፣ ከታች ፈርሟል።

ሐይቁ በረዶ ሠራ? እማዬ ደብዳቤዎቼ ይደርሷት እንደሆነ ጠይቂልኝ። ሰባት ጽፌላታለሁ። ፖስታ ቤቱ ይሆናል እላለሁ። የቤቱ ጣሪያ ተጠገነ ወይ ብዬ ጠይቄ ነበር። ለሱ እንኳ መልስ የለም።

እሁድ ሰውዬውን ስታስገቢው ቁጥሮቹን ጮክ ብለሽ አንብቢያቸው፣ እንደ ድሮው።

ዳሪል

ምስክር፦ ሳጅን ፕሩት


ሊንድ ሌክ፣ ዲሴምበር 19 ቀን 1982

ዳሪል፣

ጤና ይስጥልኝ። ለገና መልካሙን ሁሉ እመኝልሃለሁ፤ ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት ከዚህ በታች ያለው ለበዓል የሚሆን ስላልሆነ ነው።

እንዳዘዝከኝ ቁጥሮቹን ጮክ ብዬ አነበብኳቸው። ሚልተን «ለወታደር የሚሆን ሰው ነው» አለ። እኔ ግን ወደ ወረቀቱ ተመለስኩ። አስራ ስድስት፣ ዘጠኝ፣ አስራ ሁለት፣ አስራ ሰባት። አፌ ቀጣዩን ከወረቀቱ ቀድሞ ያውቀዋል። ሰዎቹ እስኪሄዱ ጠበቅኩና የጫማውን ካርቶን አወረድኩ፣ የድሮ ሰዎቻችንን ወረቀት የማስቀምጥበትን። የሎወልን አወጣሁ። ያ ሰናፍጭ ያፈሰሰበት ወረቀት። ስድስቱም ቁጥር አንድ ናቸው። ከነቅደም ተከተላቸው።

ይሄ የሎወል ሰው ነው፣ ዳሪል። ሃልቫር ነው። ወንድምህ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ፣ በኔ ፊት፣ ያንተም ፊርማ ምስክር ሆኖ የጣለው ሰው ነው። አንተ እንዳዲስ ላክህልኝ። ሳጅንህ ደግሞ ፊደሉን እንዳንተ ወደ ግራ ያጋድማል። እዚያ ያሉት ሳጅኖች ሁሉ ግራኝ ናቸው?

በጣም ነው የተናደድኩት። ትልቅ ቁጥር ፈልገህ ብትዋሽ ስቄ አሳልፈው ነበር፤ ማን ያልዋሸ አለ። የሞተ ሰው ወረቀት ግን ምን አድርጊው ብለህ ነው የምትልክልኝ? ከሌሎቹ ጋር ላስቀምጠው? እንደገና ልግደለው?

ስለ እናትህም የማውቀውን ልንገርህ። ፖስታ ቤቱ አይደለም። ሰባቱም ደብዳቤ ደርሷቸዋል፣ የማዕድ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ ናቸው፣ አንዱም አልተከፈተም። በቀብሩ ቀን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁህ። እኔም አጠገባችሁ ነበርኩ፣ ሰምቻለሁ። «ያንተ በር ክፍት ነበር። የሱ ለምን ተዘጋ?» አሉህ። እዚህ አገር በረዶ ላይ የሚነዳ ሰው በሩን ከፍቶ እንደሚነዳ፣ ከተሰበረ ዘሎ ለመውጣት፣ ሕፃን እንኳ ያውቃል። አንተ ጫማህን አየህ። በወሩ ተመዝግበህ ነበር። እሳቸው መልስ እየጠበቁ ነው እንጂ ስለ ጣሪያ እንድትጠይቃቸው አይደለም።

ይህን መጻፍ አልነበረብኝም ይሆናል። ጻፍኩት።

ቬርና


ሊንድ ሌክ፣ ጃንዋሪ 30 ቀን 1983

ወንድሜ ዳሪል፣

እንደምን ነህ? ስድስት ሳምንት ሆነ። ፖስተኛው ከሩቅ ሲያየኝ ራሱን መነቅነቅ ጀምሯል፣ እስክጠይቀው አይጠብቅም።

ያለፈውን በንዴት ነው የጻፍኩት። ያልኩትን አልሽርም፣ አባባሌ ግን ክፉ ነበር፣ ይቅር በለኝ። ከዚያ ወዲህ ሃልቫርን ወደ ካርቶኑ አልመለስኩትም። ጠረጴዛዬ ላይ አለ፣ ሁለቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን።

ሐይቁ ጠንክሯል። የዓሣ ማጥመጃ ጎጆዎቹ በረዶው ላይ ወጥተዋል፣ መኪናዎቹም ወጥተዋል። እናትህ ወደ ሐይቁ የሚያየውን መስኮት መጋረጃ አይከፍቱም። ባለፈው ሰኞ የቱና ማካሮኒ ይዤላቸው ሄጄ ስለ ጉልበታቸው ሕመም ስናወራ ዋልን። ስምህን ላነሳ ሁለት ጊዜ አፌን ከፍቼ ሁለት ጊዜ ማካሮኒ ጎረስኩበት።

ጻፍልኝ። ምንም ከሌለህ ቁጥር ብቻ ጻፍልኝ፣ ያንተን ቁጥር። ሦስትም ቢሆን።

ቬርና


ጀርመን፣ ማርች 6 ቀን 1983

ለእህቴ ለቬርና፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ደህና ነኝ ብዬ መጀመር ሰልችቶኛል። ደህና አይደለሁም።

ሳጅን ፕሩት የሚባል ሰው አለ፣ ግን ምንም አላየም። የሚታይ ነገር አልነበረማ፤ አልጣልኩም። ያንን ወረቀት ስጽፍ ሦስቱ ዳይስ ከፖስታው አልወጡም ነበር። የሎወልን ቁጥሮች በቃሌ አውቃቸዋለሁ። ጠረጴዛሽ ላይ ሲነበቡ አንድ ጊዜ ይሰሙ ብዬ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

አሁን የበሩን ነገር እጽፍልሻለሁ። ለመጀመር ስድስት ወረቀት ቀድጃለሁ።

ያን ቀን የማጥመጃ ጎጆዎች ከሐይቁ የሚነሱበት የመጨረሻው ቀን ነበር። የኛ ብቻ ነበር የቀረው። ዳር ስንደርስ በረዶው ላይ ውሃ ቋጥሯል። አየሁት። ሎወልም አየው። «ምን ትላለህ?» አለኝ። «እኔ እንጃ» አልኩት። «በል እንግዲህ ዳኛዋን ጠይቃት» ብሎ ሳቀ። ቀዩ ዳይስ ኪሴ ውስጥ ነበር፣ እሁድ ካንቺ ቤት ሳላስበው ይዤው ወጥቼ። ጨዋታው ውስጥ የቀዘቀዘ ወንዝ ስንሻገር የምታስጥይንን ታውቂያለሽ፤ አንድ ዳይስ፣ አንድ ወይ ሁለት ከመጣ በረዶው ይሰበራል። ዳሽቦርዱ ላይ ጣልኩት። ተንከባሎ እግሬ ሥር ወደቀ። ጎንበስ ብዬ አየሁት። አንድ ነበር።

«ስንት ነው?» አለ።

«መሬት ነው የወደቀው» አልኩት። «አይቆጠርም።»

እንደገና ጣልኩ። አምስት። «በቃ፣ ተፈቅዶልናል!» አለና ብርዱ ስለበዛበት በሩን ጠረቀመው። የኔ እንደተከፈተ ነበር። ቀሪውን ታውቂዋለሽ።

ዳይስ ስለ በረዶ እንደማያውቅ አውቃለሁ፣ አላበድኩም። ግን እኔ መመለስ ፈልጌ ነበር፣ ቬርና። ፈርቷል እንዳይለኝ ፈራሁ። ዳይሱ የመመለሻ ሰበብ ሰጠኝ፣ እኔ ሰበቡን ከእግሬ ሥር አንስቼ ሌላ ጣልኩበት። አንድ ነው ብዬው ቢሆን ይስቅ ነበር፣ ምናልባት እንሄድም ነበር። በሩን ግን አይዘጋም። ለእማዬ ይህን እንዴት ልመልስላት? በዳይስ ነው ልበላት?

ቀዩ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ። ከውሃው ሲያወጡኝ ጓንቴ ውስጥ ነበር። ሁለት ዓመት አብሮኝ ኖሯል። ውሰጂልኝ።

ሰው መጣል አልችልም። ሞክሬያለሁ፤ እጄ ውስጥ ይዤ እቀመጣለሁ፣ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ከፈለጋችሁ ሌላ ሰው ይጣልልኝ፣ የወጣውን እቀበላለሁ። ይህን ደብዳቤ ለእማዬ አንብቢላት ወይ ምድጃ ውስጥ ክተቺው፣ አንቺ ይሻልሻል ያልሽውን። እስከ ኤፕሪል አስራ አምስት ከእናንተ ምንም ካልመጣ እፈርማለሁ። ይህን የምለው ላስፈራራችሁ አይደለም፤ የምመለስበት ቤት መኖሩን ስለማላውቅ ነው።

ዳሪል


ሊንድ ሌክ፣ ማርች 27 ቀን 1983

ወንድሜ ዳሪል፣

ቶሎ እንዲደርስህ ነገ ጠዋት ፖስታ ቤት በር ላይ እቆማለሁ።

ደብዳቤህን አንብቤ ሁለት ቀን ሥራ አልገባሁም። ያ ሕግ የኔ ነው። ሚልተን ምድጃ ሥር ገብቶ «ስድስት ነው» ሲል፣ ሎወል «ሦስት ነው» ሲል፣ ጭቅጭቁ ሰለቸኝና መሬት የወደቀ አይቆጠርም ብዬ ደነገግኩ። ስምንት ዓመት ሆነው። ለጠረጴዛ ያወጣሁት ሕግ ከምድር ቤቴ ወጥቶ ሐይቅ ላይ ይሄዳል ብዬ እንዴት ላስብ?  ለብቻህ አትሸከመው ለማለት ነው።

ትናንት ቅዳሜ እናትህ ቤት ሄድኩ። ድንች እየላጡ ነበር። «ዳሪል ስለ በሩ ጽፏል» አልኳቸው። ቢላዋውን አላስቀመጡም። «አንብቢው» አሉኝ። አነበብኩት፣ አንድም ቃል ሳልዘል። «ፈርቷል እንዳይለኝ ፈራሁ» ያልከው ላይ መላጡን አቆሙ። ስጨርስ ቢላዋውን አስቀመጡ። ድንቹ እጃቸው ላይ እንዳለ።

ከዚያ «የታለ?» አሉኝ።

«ምኑ?»

«ዳይሱ ነዋ።»

ቀዩን ሰጠኋቸው። መዳፋቸው ላይ አገላበጡት፣ በመጎናጸፊያቸው ጠረጉት። «ይቺ ናት?» አሉ። ልጆቻቸው እሁድ እሁድ ምድር ቤቴ ሲጮሁ ሲውሉ እሳቸው አንድ ቀን ዳይስ ነክተው አያውቁም፣ አንተም ታውቃለህ። «ሌላ ሰው ይጣልልኝ ብሏል አይደል? አሳዪኝ» አሉ። ከቦርሳዬ ሁለት ነጭ ጨመርኩላቸው፣ ወረቀትና እርሳስ አወጣሁ፣ የድንቹን ልጣጭ ገፋ አደረግን።

ጉልበት አስራ አንድ። አእምሮ ስምንት። «ይሄ ጥሩ ነው?» አሉኝ፤ «መካከለኛ ነው» አልኳቸው። ሦስተኛውን ሲጥሉ ሁለቱ ነጮች ጠረጴዛው ላይ ቀሩ፣ ሁለትና ሦስት። ቀዩ ዘሎ መሬት ወረደ፣ ምድጃው ሥር ገባ።

እኔ ሞኟ፣ አፌ ለምዶበት፣ «አይቆጠርም፣ እንደገና ይጣሉ አክስቴ» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ በዚያ በታመመ ጉልበታቸው ተንበረከኩ። ላግዝዎት ብል «ተዪኝ» አሉ። ጉንጫቸውን ወለሉ ላይ አድርገው ከምድጃው ሥር ተመለከቱ። አልነኩትም።

«አንድ ነው» አሉ።

«አክስቴ፣ ሕጉ...»

«ይቆጠራል። እዚህ ቤት ይቆጠራል። ጻፊው።»

ሁለትና ሦስትና አንድ፣ ስድስት። ጥበብ ስድስት ብዬ ጻፍኩ። ከወለሉ ሳይነሱ «ጥበብ ስድስት ማለት ምን ማለት ነው?» አሉኝ። «ማድረግ የሌለበትን እያወቀ የሚያደርግ ሰው ማለት ነው» አልኳቸው። «ይሄማ የኔው ልጅ ነው» አሉና እዚያው ምድጃው አጠገብ ማልቀስ ጀመሩ። በቀብሩም ቀን ሲያለቅሱ አላየሁም ነበር። አጠገባቸው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

ቀሪዎቹን ሦስት በኋላ ጣልን። ፅናት አስራ አራት፣ ቅልጥፍና አስር፣ ግርማ ዘጠኝ። ሚልተን ቢያየው ይስቅበታል፣ ይሳቅበት። ወረቀቱ ከዚህ ጋር አለ። ከሥሩ ምስክር የሚፈርምበት ቦታ ላይ ትንሽ ልጻፍበት ብለው ወሰዱት፣ ያሉትን አላነበብኩም። ሃልቫርን ወደ ካርቶኑ መልሼዋለሁ፤ ያንተኛውን ግልባጭ ከሱ ወረቀት ሥር አድርጌ።

ቬርና


(በወረቀቱ ሥር)

ዳሪል፣

ጽሑፌ ከተበላሸ ይቅርታ፣ መነጽሬ ደክሟል።

በሩ ለምን ተዘጋ ብዬ ነበር የጠየቅሁህ። አሁን ነገርከኝ። ደብዳቤዎችህን ያልከፈትኩት ይቅር በዪኝ የሚል ቢኖርባቸው ምን እንደምመልስ ስላላወቅኩ ነው። አሁንም አላውቅም። ተናድጃለሁ፣ ነገም የምናደድ ይመስለኛል። እየተናደድኩም ፊትህን ማየት እፈልጋለሁ፤ ሁለቱ አብረው ይኖራሉ፣ እኔ ችዬዋለሁ።

ዛሬ ሦስቱን ከፈትኳቸው። ጣሪያው አልተጠገነም። የቀሩትን አራቱን መጥተህ አንተው ታነብልኛለህ።

እንዳትፈርም።

ይህ ሰው ሲጣል አይቻለሁ፣ የወደቀውም ተቆጥሯል።

ምስክር፦ እናትህ አርዲስ